ከኮሪያ ዘማች ቤት የተገኘ የጃፓን ጎራዴ፦ ሞረድ ሳይነካው በፊት

ጥያቄ፦ «አባቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ሲመለሱ ያመጡት ጎራዴ ከዕረፍታቸው በኋላ እኔ ዘንድ ሆኗል። ቤተሰቡ ከጃፓን መኮንን የማረኩት ነው ይላል። ከነእጀታው አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰገባው ካኪ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ አንድ ማንጠልጠያ ቀለበት አለው። እጀታው በቡናማ ጥብጣብ የተጠመጠመ፣ የአበባ ጌጥ ያለበት ነው። ብረቱ ወደ ጫፉ ቀይ ዝገት ይዟል፤ የእጅ መከላከያውም ይንቀጫቀጫል። አንድ ብረት ሠሪ በግራይንደር ሞርዶ፣ ስለቱን አውጥቶ፣ ኒኬል ነክሮ አዲስ አደርገዋለሁ ብሎኛል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ የ300 ዓመት የሳሙራይ ጎራዴ ነው ይላል። እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? እንዴትስ ላሳድሰው?»

ምላሽ፦ ጎራዴውን ለብረት ሠሪው አይስጡት። ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ግን አንዴ ከተደረገ መመለሻ የለውም። የጃፓን ጎራዴ በአብዛኛው መላው ገላው እኩል የጠነከረ አይደለም። ጀርባው ለስለስ ያለ ነው፤ የሚጠነክረው ስለቱና ከስለቱ በላይ ያለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግራይንደር ቀጭኑን ስለት በሰከንዶች ውስጥ ያግለዋል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ያ ጥንካሬ መውረድ ይጀምራል፤ ብረቱ ሰማያዊ መልክ ካወጣ ደግሞ 300 ገደማ ደርሷል ማለት ነው። በዚያ ላይ በጎኑ ከእጀታ እስከ ጫፍ የሚሄደው ቀጥ ያለ ሸንተረር እና ጫፉን ከገላው የሚለየው አቋራጭ መስመር በዲስክ ሲታሹ ይድቦለቦላሉ። የጎራዴው ቅርጽ ማለት እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው። ኒኬሉ የባሰ ነው። ብረት ከመነከሩ በፊት በአሲድ ይታጠባል። በእጥበቱና በነከራው ጊዜ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ወደ ጠንካራው ብረት ሰርጎ ስለቱን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ አሲዱም ስለ አሠራሩ የሚናገረውን የገጽታ መልክ በልቶ ይጨርሰዋል። በመጨረሻ የሚያገኙት የሚያብረቀርቅ፣ ምንነቱ የማይታወቅ ብረት ነው።

ሁለተኛው መታረም ያለበት የምርኮው ታሪክ ነው። በኮሪያ ጦርነት ጃፓን ተዋጊ አልነበረችም። መሸነፏን ያሳወቀችው ነሐሴ 1945 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ በኮሪያ ከ38ኛው መስመር በስተደቡብ የነበረው ሠራዊቷም በመስከረም 1945 ሴኡል ላይ ለአሜሪካኖች እጁን ሰጥቷል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን የደረሰው በግንቦት 1951 ሲሆን፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ የተዋጋው ከሰሜን ኮሪያና ከቻይና ጦር ጋር ነው። ስለዚህ አባትዎ ጎራዴውን ከጃፓን መኮንን በውጊያ አልማረኩም። ይሁን እንጂ ይህ ጎራዴውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ጃፓኖች ኮሪያን 35 ዓመት ገዝተው ሲወጡ ብዙ መሣሪያ ትተው ሄደዋል። የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ለዕረፍትና ለሕክምና የሚላኩት ወደ ጃፓን ነበር፤ ከ1945 በኋላ ደግሞ የተሰበሰቡ ጎራዴዎች በማስታወሻነት ለአሜሪካ ወታደሮች ይታደሉ ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ በስጦታም በሽያጭም ይዘዋወሩ ነበር። ከነዚህ በአንዱ መንገድ መምጣቱ የሚታመን ነው።

የመጣበት ጊዜ በራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ዛሬ ገበያውን ያጥለቀለቁት ሐሰተኛ የጃፓን ወታደራዊ ጎራዴዎች በብዛት መሠራት የጀመሩት ከዚያ ጦርነት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ጎራዴው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቤታችሁ እንደነበረ የሚያሳይ አሮጌ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ካለ፣ ከጎራዴው ጋር አብሮ ይቀመጥ። በተለይ እጀታው ወይም ሰገባው ላይ የታሰረ የእንጨት፣ የጨርቅ ወይም የወረቀት ቁራጭ ካለ እንዳይጣል። በ1945 ጎራዴያቸውን ያስረከቡ ብዙ መኮንኖች ስማቸውንና አድራሻቸውን ጽፈው አስረውበታል፤ ይህ ቁራጭ አንዳንዴ ከብረቱ ይበልጥ ይፈለጋል።

አሁን ወደ ውጫዊው መልክ። ካኪ የብረት ሰገባ፣ በጥብጣብ የተጠመጠመ እጀታ፣ በመከላከያውና በእጀታው ጉልላት ላይ የቼሪ አበባ፣ አንድ ማንጠልጠያ ቀለበት፦ ይህ በ1938 የወጣው የጃፓን ምድር ጦር የመኮንኖች ጎራዴ ነው፤ ሰብሳቢዎች «98 ዓይነት» ይሉታል። ከሱ የቀደመው የ1934ቱ «94 ዓይነት» ሁለት ማንጠልጠያ ያለው ሲሆን ሁለተኛው ይፈታል። እጀታው ላይ ክር ወይም ሪባን ተንጠልጥሎ ከሆነ ቀለሙን ይመልከቱ። ቡናማና ሰማያዊ የመስመር መኮንን፣ ቡናማና ቀይ የከፍተኛ መኮንን ነው፤ ወርቃማ የገባበት ደግሞ የጄኔራል መኮንን ነው። አያጥቡት፤ ቀለሙ ይለቃል።

ጥብጣቡ በእርግጥ ጥብጣብ መሆኑን በጥፍርዎ ነካ አድርገው ያረጋግጡ። የ1935ቱ የባለሌላ ማዕረግተኞች ጎራዴ («95 ዓይነት») እጀታው በቅርጽ ፈስሶ የወጣ ብረት ነው፤ በአብዛኛው አሉሚኒየም ሆኖ ጥብጣብ እንዲመስል ቀለም ተቀብቷል። ብረቱ በማሽን የተሠራ፣ በጎኑ ቦይ ያለው ሲሆን ከመከላከያው አለፍ ብሎ ተከታታይ ቁጥር ታትሞበታል፤ ያው ቁጥር ሰገባው አፍ ላይ መገኘት አለበት። እንዲህ ከሆነ ከዚህ በታች ስለ ብረቱ ጭራና ስለ ፊርማ የምለው ሁሉ አይመለከትዎትም። የፋብሪካ መሣሪያ ስለሆነ ሞራጅ አያስፈልገውም፣ መጽዳትና ዘይት መቀባት ብቻ ይበቃዋል። እርስዎ እንደገለጹት ግን የመኮንን ይመስላል።

አሮጌ ዕቃ ገዢው «300 ዓመት» ያለው ከአየር አልያዘውም፤ ግን ሳያይ ነው የተናገረው። ባለሌላ ማዕረግተኛው ጎራዴ ከመንግሥት ሲሰጠው፣ መኮንኑ በገንዘቡ ነበር የሚገዛው። ከሱቅ አዲስ የገዛ አለ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰውን አሮጌ ብረት አዲስ ወታደራዊ እጀታና ሰገባ ያሠራለትም አለ። ስለዚህ ውጪው 1938ን ቢናገርም ውስጡ የ1942 የፋብሪካ ብረት ወይም የ1650 ብረት ሊሆን ይችላል። በቁጥር እጅግ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው። ከውጪ ሆኖ ይህን የሚለይ ሰው የለም። የሚለየው እጀታው ወልቆ፣ እጀታ ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ሲታይ ነው። ጃፓኖች ናካጎ የሚሉት ይህ ክፍል የጎራዴው መታወቂያ ወረቀት ነው ቢባል ያስኬዳል።

አወላለቁ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ጨርቅ ያንጥፉ፤ ልጆች ክፍሉ ውስጥ አይኑሩ። ዝገት ያለበት ስለትም ይቆርጣል። ጎራዴውን ከሰገባ ሲያወጡ ስለቱ ወደ ላይ፣ ጀርባው በሰገባው ውስጥ እየተንሸራተተ ይውጣ፤ ሰገባውን ግን ስለቱ በሚያልፍበት በኩል በጣት አይያዙት። እጀታውን ከመከላከያው ጥቂት ወረድ ብለው ቢያዩት በጥብጣቡ መሐል አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ትንንሽ ክብ ነገሮች ይታያሉ። እነዚህ እጀታውንና ጭራውን አሳልፈው የሚይዙ የቀርከሃ ችንካሮች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ብሎን ይሆናሉ። ችንካሩ አንድ ጫፉ ቀጭን ነው፤ የሚገፋው ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ነው። ከቀዳዳው ጠበብ ያለ የነሐስ ወይም የጠንካራ እንጨት ዘንግ አስደግፈው በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉት። ምስማር አይጠቀሙ፣ ችንካሩን ይሰነጥቀዋል። በድሪል መብሳት ፈጽሞ አይታሰብ፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ጭራውንም ያበላሻል።

ችንካሩ ከወጣ በኋላ እጀታውን ከታች ጫፉ በግራ እጅዎ ይያዙ፣ ጎራዴውን ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ከሰውነትዎ ትንሽ አዘንብለው ያቁሙት፤ ከዚያ በቀኝ ጡጫዎ የግራ እጅዎን አንጓ ላይ ቀስ እያሉ ይምቱ። በንዝረቱ ጭራው ከእጀታው ይላቀቃል። እምቢ ካለ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፦ ሰው ፒንሳ ያነሣል፣ ወይም ብረቱን በሞርሳ አስሮ እጀታውን ይጎትታል። የእጀታው እንጨት ከሁለት ቁራጭ የተጣበቀ ስለሆነ በመጣመም ይሰነጠቃል። ይልቅ ብረቱ የሚገባበት ጉርድ ያለው ጠንካራ እንጨት አዘጋጅተው ከመከላከያው በላይ ያስደግፉና በሁለቱም ጎን እኩል እየተፈራረቁ በእንጨት መዶሻ ይምቱ። አንዱን ጎን ብቻ ከመቱ መከላከያው ይጎብጣል። እንደዚያም ሆኖ ካልወጣ ይተዉት። በእጀታው ውስጥ ዘይት አያፍስሱ፤ እንጨቱ ይጠጣዋል፣ ጥብጣቡም ይበላሻል።

እጀታው ሲወጣ ከመከላከያው ፊትና ኋላ ቀጫጭን ሮንዴላዎች ይከተላሉ፤ በዚህ ዓይነት ጎራዴ ስድስት ወይም ስምንት ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዱን ሲያወጡ በቅደም ተከተል ጨርቁ ላይ ይደርድሩና ፎቶ ያንሱ። በአጉሊ መነጽር ቢያዩዋቸው ትንንሽ ቁጥር ታትሞ ሊያገኙ ይችላሉ። በመከላከያውም ላይ ያው ቁጥር ካለ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮ የተገጣጠመ ነው። ይህ መስማማት ጎራዴው ሳይነካካ እስከ ዛሬ መቆየቱን ያሳያል። ሐሰተኛ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የሚዘነጉትም ይህን ነው።

ጭራው ላይ የሚያዩትን ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ዝገት አይንኩት። ዋናው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በድስት ሽቦ ጭራውን «አጽድተው» ፊርማውን ጥርት አድርገው ያነበቡ ሰዎች አሉ፤ ያንን ሲያደርጉ ግን የዕድሜውን ማስረጃ አጥፍተዋል። የጭራ ዝገት የብረቱ ዕድሜ መለኪያ ነው። የጦርነቱ ዘመን ጭራ ግራጫ ወይም ቀለል ያለ ቡናማ ሆኖ የሞረዱ መስመሮች ጥርት ብለው ይታዩበታል። ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ጭራ ደግሞ ጥልቅ ጥቁር፣ ለስለስ ያለ፣ መስመሮቹ የደበዘዙ፣ አንዳንዴም ተቆርጦ ስላጠረ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ያለው ነው። ሁለት ቀዳዳ ብቻውን ግን እርጅናን አያረጋግጥም፤ በጦርነቱ ጊዜም ለተጨማሪ ችንካር ሁለተኛ ቀዳዳ ይበሳ ነበር። ሌላም አለ፦ ጭራው ላይ በነጭ ወይም በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ካዩ አልኮልም ሆነ ቲነር አያስጠጉ። የፋብሪካ ቁጥር ነው፣ ወዲያው ይለቃል።

ጽሑፉን ለማንበብ ጃፓንኛ ማወቅ አያስፈልግም። ጫፉን ወደ ላይ አድርገው፣ የስልክዎን ባትሪ ከጎን አጋድመው ያብሩና ሁለቱንም ጎን ፎቶ ያንሱ። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው። በአንዱ ጎን የሠሪው ስም፣ በሌላው ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት ይኖራል። ቁጥሮቹን በቀላሉ ይለዩዋቸዋል፦ አንድ፣ ሁለትና ሦስት በቁጥራቸው ልክ አግድም መስመር ናቸው፤ አሥር የመስቀል ምልክት ነው። ከመስቀሉ በታች ሁለት መስመር ካለ 12፣ ከመስቀሉ በላይ ሁለት መስመር ካለ 20 ይባላል። በሾዋ ዘመን (በንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመነ መንግሥት) አቆጣጠር ከሆነ ባገኙት ቁጥር ላይ 1925 ይደምሩ፤ 12 ማለት 1937፣ 17 ማለት 1942፣ 20 ማለት 1945 ይሆናል።

ከጽሑፉ ይልቅ የሚወስነው ግን ጥቃቅኑ ማኅተም ነው። ሰዎች ፊርማ ሲያዩ «በእጅ የተሠራ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ስህተት ነው። በጦርነቱ ጊዜ የብረት ሥራ ማዕከል በነበረችው በሴኪ ከተማ በጅምላ የተሠሩ ብረቶች ላይ ስም የሚቀርጹ ራሳቸውን የቻሉ ቀራጮች ነበሩ፤ የተፈረመ ጎራዴ ሁሉ የባለ ስሙ የእጅ ሥራ አይደለም። ፊርማ የሌለው ሁሉም ተራ አይደለም። ከችንካሩ ቀዳዳ በላይ ወይም ከፊርማው አጠገብ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያክል የሾዋ ማኅተም፣ ወይም ባለ ሁለት ክንፍ በር የሚመስለው የሴኪ ማኅተም ካለ፣ ብረቱ በባህላዊው መንገድ የተሠራ አይደለም ተብሎ ይወሰዳል፤ በአብዛኛው ከፋብሪካ ብረት ተቀጥቅጦ በዘይት ተነክሮ የጠነከረ ነው። «ሾዋቶ» የሚባለው ይህ ነው። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ካለ ነገሩ ይለወጣል። ኮከቡ የምድር ጦሩ ባህላዊ ብረትና ከሰል እየሰጠ ያሠራቸው አንጥረኞች ሥራ መሆኑን ያመለክታል፣ በባህላዊው መንገድ የተሠራ ነው። መልሕቅ የባሕር ኃይል ምልክት ነው፤ እነዚያ ብዙዎቹ የማይዝግ ብረት ስለሆኑ የእርስዎ ዝገት ይዞ መታየቱ ወደዚያ አያመራም። ከ1933 እስከ 1945 በቶኪዮው ያሱኩኒ መቅደስ ቅጥር ግቢ የተሠሩ 8,100 ያህል ብረቶች አሉ፤ በባህላዊ መንገድ የተሠሩና በጣም የሚፈለጉ ናቸው። የደቡብ ማንቹሪያ ባቡር ኩባንያ ያሠራቸው ደግሞ በኢንዱስትሪ ዘዴ ቢሆኑም ሰብሳቢዎች ለይተው ይገዟቸዋል። ማኅተም ፈጽሞ ከሌለ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ በእጅ የተሠራ ወይ ሳይታተም ያለፈ። ያኔ ፍርዱ ወደ ብረቱ ገጽታ ይዞራል።

ክፍሉን አጨልመው አንድ አምፖል ብቻ ያብሩና ብረቱን ወደ ብርሃኑ አቅጣጫ ዝቅ ከፍ ያድርጉት። ከስለቱ በላይ ነጣ ያለ፣ ደመና የመሰለ ድንበር ይታያል፤ ሐሞን ይባላል፣ የጠነከረው ክፍል የሚያበቃበት ነው። በውሃ ተነክሮ በጠነከረ ባህላዊ ብረት ላይ ይህ ድንበር ውስጥ በአጉሊ መነጽር የሚያብለጨልጩ እንደ ውርጭ ያሉ ቅንጣቶች ይታያሉ፤ ከድንበሩ በላይም ብረቱ ተደራርቦ በመቀጥቀጡ የእንጨት ቃጫ የመሰለ መስመር አለው። በዘይት የጠነከረው ላይ ድንበሩ ወጥና የደነዘዘ ነው፤ ገላውም ሜዳ ነው። ድንበሩ በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ የተሣለ ከሆነ ሲያዘነብሉት ጥልቀት የለውም፣ ላዩ ላይ እንደ ቀለም ተኝቶ ይቀራል፤ ይህ የሐሰተኛ ምልክት ነው። የተዘበራረቀ ጥብጣብ፣ የተድበሰበሰ አበባ፣ የሞረድ ጭረት የሞላበት ጫፍ፣ በአሲድ የጠቆረና በጣት ሲታሽ ቀለም የሚሰጥ ጭራ ከዚህ ጋር ከተደመሩ ጥርጣሬው ያበቃል። ግን የድሮ ጎራዴ ገጽታ ዝገትና ጭረት ከሸፈነው ይህ ሁሉ ላይታይ ይችላል። ስለማይታይ የለም ማለት አይደለም፤ ለማየት ብሎ ማሸትም አይገባም።

ማጽዳት ከአሁኑ መጀመር ይችላል፤ አሳዛኙ ነገር ሰው ለማጽዳት የሚጠቀምበት ነገር ነው። ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ኮካ ኮላ፣ የባትሪ አሲድ፣ የብረት ማጽጃ ሳሙና፣ ብርጭቆ ወረቀት አንዳቸውም ፈጽሞ አይንኩት። አስፈላጊው ለስላሳ ጨርቅ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ጠንካራ አልኮልና የስፌት መኪና ዘይት ነው። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይጣበቃል፣ ይበላሻል፣ አሲድም ይፈጥራል። በመጀመሪያ አሮጌውን ዘይትና አቧራ በአልኮል በነከረ ጨርቅ ከጀርባው ወደ ስለቱ ሳይሆን ከእጀታ ወደ ጫፍ ብቻ ይጥረጉ፤ ጨርቁን ጀርባው በኩል ያጥፉት፣ ጣትዎ ስለቱን አይሻገር። ቀይ ዝገቱ ላይ ዘይት ቀብተው ለአንድ ቀን ይተዉት፣ ይጥረጉ፣ ይደግሙት። ግትር ብሎ የቆየውን ከከብት ቀንድ ወይም ከአጥንት በተሳለ ጠፍጣፋ ቁራጭ፣ ዘይት እየነካኩ፣ ገጹ ላይ አጋድመው ይፋቁት። እነዚህ ከብረቱ ይለሰልሳሉ፤ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይጭሩም። ጨርቁ ቀይ መልቀቁን ሲያቆም ያቁሙ። የሚቀረው ጥቁር ጠባሳ ነው፣ አይስፋፋም። ጥቁሩን ጭምር ለማጥፋት መሞከር ነው ጎራዴውን የሚጎዳው።

ጭራው ላይ የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀይ ዱቄት የሚለቅ ዝገት ካለ ደረቅ ጨርቅ ያሳልፉበትና ያቁሙ። የነሐስ ዕቃዎቹ ላይ የሚያዩት አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር በነጭ ጋዝ እርጥብ ባደረጉት ጥጥ ይወጣል፤ ማዕዘኖቹ ውስጥ የጥርስ ስንጥር ይጠቀሙ። ብራሶ አይቀቡ። አበቦቹ ላይ ያለው ጥቁረትና ወርቃማ ቅብ ከፋብሪካው ነው። የሰገባውን ካኪ ቀለም እንደገና መቀባትም ዋጋውን ዝቅ ከማድረግ በቀር የሚጨምረው የለም፤ የተላጠ ካኪ አዲስ ከተቀባ ካኪ ይሻላል። ጥብጣቡ ቢበጠስም አይተኩት፤ የላላውን ጫፍ በነጭ ክር ሰብስበው ያስሩ።

መከላከያው የሚንቀጫቀጨው ከሦስት አንዱ ምክንያት ነው፦ ሮንዴላ ጎድሏል፣ ችንካሩ ተሰብሯል፣ ወይም የእጀታው እንጨት በአዲስ አበባ ደረቅ በጋ ተኮማትሯል። ሮንዴላ ጎድሎ ከሆነ በተመሳሳይ ቅርጽ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ነሐስ ማስቆረጥ ይቻላል። ማጣበቂያ ግን በጭራሽ አይጠቀሙ፤ ቀጥሎ የሚያወልቀው ሰው እጀታውን ለመስበር ይገደዳል። የተሰበረ ችንካር ከደረቅ፣ ጠጣር ቀርከሃ ተጠርቦ ይተካል፤ ቀዳዳውን ጥብቅ አድርጎ መሙላት አለበት። ይህ እስኪሆን ድረስ ጎራዴውን ማንም አያወዛውዘው። ችንካሩ ከላላ ብረቱ ከእጀታው ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል።

ከጽዳቱ በኋላ ዘይቱ በጨርቅ ተቀብቶ መልሶ የሚጠረግ፣ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሁን። ብዙ ዘይት ወደ ሰገባው ወርዶ የእንጨቱን ገበር ያበላሻል። በባዶ እጅ ብረቱን አይንኩ፤ የጣት ላብ በሳምንታት ውስጥ የጣት አሻራ የሚመስል ዝገት ይተክላል። ጋደም ብሎ፣ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ በክረምት ወር በወሩ ይመርመሩት። ሰገባው ውስጥ ዝገት ወይም አሸዋ ካለ ገልብጠው ያራግፉት፤ ብረቱን የሚጭረው ያ ነው።

ወደ ሞራጅ መላክ የሚለው ጥያቄ ጭራው ከተነበበ በኋላ ይመለሳል። ባህላዊው የጃፓን ጎራዴ ሞራጅ ሙያውን ለመማር አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ድንጋይ እየተሸጋገረ በውሃ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ማሽን የለበትም። በአሜሪካ የሚጠየቀው በአንድ ኢንች 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፤ 26 ኢንች ብረት ላይ 2,600 ዶላር ማለት ነው። የሾዋ ወይም የሴኪ ማኅተም ያለበት ተራ ሾዋቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ ይሸጣል። ስለዚህ ማኅተሙ ከተገኘ አንድ ዶላር አያውጡበት፣ ዘይት ቀብተው ያስቀምጡት። ኮከብ ማኅተም፣ የያሱኩኒ ፊርማ፣ ወይም በእውነት ያረጀ ጭራ ካገኙ ግን ለሞራጅ መክፈል ትርጉም አለው። ያኔም አስቀድሞ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ስለቱ ላይ ወደ ጀርባው ቀጥ ብሎ የገባ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አለ ወይ? ካለ ብረቱ ያለቀለት ነው፣ ሞራጅ አያድነውም። ሁለተኛው ሐሞኑ ጫፉን ዞሮ ያልቃል ወይ? ጫፉ ተሰብሮ እንደገና ከተሳለ ጠንካራው ክፍል ጠፍቷል። ሁለቱንም ካለፈ መላውን ከማስሞረድ በፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ «መስኮት» ተከፍቶ እንዲታይ ይጠይቁ። እያንዳንዱ ሙሉ ሞረዳ ብረት ይቀንሳል፤ አንድ ጎራዴ የሚሸከመው የተወሰነ ጊዜ ነው።

ወደ ጃፓን ከመላክዎ በፊት ይህን ይወቁ፦ በ1958 በወጣው የጃፓን የጦር መሣሪያና የጎራዴ ቁጥጥር ሕግ የሚመዘገበው እንደ ጥበብ ሥራ የሚታይ፣ በባህላዊው መንገድ የተሠራ ብረት ብቻ ነው። ሾዋቶ አይመዘገብም፤ ከተያዘ ተወርሶ ይወገዳል። በእጅ የተሠራ መሆኑ ባልተረጋገጠ ብረት ወደ ጃፓን ጉምሩክ መሄድ ጎራዴውን ማጣት ነው። ከአገር ለማውጣት ሲያስቡም ቦሌ ላይ አሮጌ ዕቃ የቅርስ ፈቃድ ሊጠየቅበት ስለሚችል አስቀድመው ከቅርስ ባለሥልጣን ይጠይቁ፤ በአውሮፕላን የሚሄደውም በዕቃ ክፍል በሚጫን ጭነት እንጂ በእጅ አይደለም። ለማስመርመር ግን ጎራዴው ከቤት መውጣት አያስፈልገውም። የጭራው ሁለት ጎን፣ የማኅተሙ ቅርብ ፎቶ፣ የሮንዴላዎቹ ቁጥርና ሐሞኑ በአንድ አምፖል የተነሣበት ፎቶ ይበቃሉ።